75 ቁጥር፦ የማኔጅድ ኬር ሬዚደንሲ ዓመቴ

ሬዚደንሲ የሚባለው የአንድ ዓመት ሥልጠና ልገባ ነው ብዬ ለጓደኛዬ ስደውልለት የመጀመሪያ ቃሉ «አንተ ልጅ፣ ጤነኛ ነህ?» የሚል ነበር። እሱም እንደኔ ፋርማሲስት ነው። እዚህ አሜሪካ ፈቃድ ያለው ፋርማሲስት በዓመት ከ130 ሺህ ዶላር በላይ ሊያገኝ እንደሚችል ያውቃል፤ ሬዚደንት ደግሞ የዚያን ግማሽ ካገኘ ጥሩ ነው። ልጆች አሉህ፣ የቤት ኪራይ አለብህ፣ ፈቃዱን ለማግኘት ስንት ዓመት ለፍተህ አሁን እንደገና ተማሪ ልትሆን ነው? አለኝ። ያኔ ደህና መልስ አልነበረኝም። አሁን አለኝ። ከእሱ በኋላም ብዙ ሰው ስለጠየቀኝ እዚሁ ልጻፈው።

ነገሩ የሚጀምረው ከፋርማሲ ካውንተር ነው።

ጃኑዋሪ የመጀመሪያው ሳምንት ነበር። ፋርማሲ የሠራ ሰው ይህ ሳምንት ምን እንደሚመስል ያውቃል። ኢንሹራንሶች የመድኃኒት ዝርዝራቸውን የሚቀይሩት፣ ዲዳክቲብል (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት በሽተኛው ከኪሱ የሚከፍለው) ከዜሮ የሚጀምረው፣ ካርዱ የተቀየረበት ሁሉ የሚሰለፈው ያን ጊዜ ነው። አንዲት እናት መጡ። ስማቸውን አይቼ በአማርኛ ሰላም ስላቸው ፊታቸው በራ። የአስም መድኃኒታቸውን ሊወስዱ ነበር፤ የሚረጨውን፣ ረዘም ያለ የፕላስቲክ ቱቦ ገጥመውበት በቀስታ የሚስቡትን። ክሌሙን፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የሚላከውን የክፍያ ጥያቄ፣ ብልከው ተመለሰ። ስክሪኑ ላይ 75 የሚል ቁጥር ወጣ።

75 ማለት ቅድመ ፈቃድ ያስፈልጋል ማለት ነው። 70 ቢሆን መድኃኒቱ አይሸፈንም፣ 79 ቢሆን መውሰጃ ቀኑ ገና ነው። እነዚህን ቁጥሮች ካውንተር ላይ የዋለ ሰው በእንቅልፍ ልቡም ይነግራችኋል።

«ኢንሹራንሱ አልቀበልም አለ እማማ፣ ሐኪምዎ ደብዳቤ መላክ አለባቸው» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ባለፈው ወር ሰጥታችሁኝ የለም እንዴ?»

ሰጥተናል።

«ታዲያ ምን አጠፋሁ?»

ምንም አላጠፉም። ግን እንዴት እንደማስረዳቸው ጠፋኝ። ገና 65 ስላልሞላቸው ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የአዛውንቶች ኢንሹራንስ የላቸውም፣ ኢንሹራንሳቸው ከሥራ ቦታቸው ነው። በእጄ ልክፈል ቢሉ ዋጋው ከሁለት ቀን ደመወዛቸው ይበልጣል። ለሐኪማቸው ፋክስ ላክን። ኢንሹራንሱ ዘንድ ደውዬ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሙዚቃ ሰማሁ። በመጨረሻ ያነሳችው ሴት ትሑት ነበረች። መጀመሪያ በዱቄት መልክ የሚሳበውን መሞከር አለባቸው አለችኝ። ለምን? አልኳት። «ክራይቴሪያው (መሥፈርቱ) እንደዚያ ይላል።» ማን ነው የጻፈው? አልኳት። እሷም አታውቅም።

ማታ ከሥራ ስወጣ ከአእምሮዬ ያልወጣው ይህ ነው። ያንን ዓረፍተ ነገር አንድ ሰው የሆነ ቦታ ቁጭ ብሎ ጽፎታል። ምናልባትም ፋርማሲስት ነው።

አዎ፣ ፋርማሲስት ነው። ሬዚደንሲው የወሰደኝ እዚያ ጠረጴዛ ዘንድ ነው።

ለማያውቀው ላስረዳ። ማኔጅድ ኬር ሲባል የጤና ኢንሹራንስ ድርጅቶች፣ የመድኃኒት ጥቅሙን የሚያስተዳድሩት ፒቢኤም የሚባሉት፣ ሜዲኬይድ የሚባለው የዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የመንግሥት ኢንሹራንስ ፕላኖች፣ እንዲሁም ኢንሹራንሱም ሆስፒታሉም በአንድ ጣሪያ ሥር ያሉባቸው ሥርዓቶች በሙሉ ይገቡበታል። እዚያ የሚሠራ ፋርማሲስት መድኃኒት አይቆጥርም። የትኛው መድኃኒት ይሸፈን፣ በምን ቅድመ ሁኔታ፣ በስንት ኮፔይ (በሽተኛው በየጊዜው የሚከፍለው ድርሻ)፣ የትኛው ቀድሞ ይሞከር የሚለውን ማስረጃ አንብቦ ሐሳብ ያቀርባል። የሚያየው አንድ በሽተኛ ሳይሆን አባላቱን በሙሉ ነው፤ አንዳንዴ መቶ ሺህ፣ አንዳንዴ ሚሊዮን ሰው። ሬዚደንሲው ደግሞ ከትምህርት በኋላ የሚሰጥ የአንድ ዓመት ሥልጠና ነው። ፒጂዋይ 1 ይሉታል። አብዛኛውን ጊዜ ከጁላይ እስከ ጁን የሚቆይ ሲሆን እውቅናውን የሚሰጠው ኤኤስኤችፒ የሚባለው የፋርማሲስቶች ማኅበር ከማኔጅድ ኬር ፋርማሲስቶች ማኅበር ከኤኤምሲፒ ጋር ሆኖ ነው። የሆስፒታሉ ሬዚደንሲ ሌላ ነው፣ የኮሚኒቲውም ሌላ ነው፣ ይኼኛው ሦስተኛው ዓይነት ነው።

ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ ውጭ አገር የተማረ ሰው መግባት ይችላል ወይ ብላችሁ ነው። ይችላል። የኤኤስኤችፒ ደንብ አሜሪካ ውስጥ እውቅና ካለው ትምህርት ቤት የተመረቀ ወይም ውጭ አገር ለተማሩ ፋርማሲስቶች የሚሰጠው የኤፍፒጂኢሲ ሰርተፍኬት ያለው ይላል። ማለትም የትምህርት እኩልነት ፈተናውን አልፋችሁ፣ ቶፍል የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና ጨርሳችሁ፣ ሰርተፍኬቱን ከያዛችሁ በሩ በደንብ ደረጃ ክፍት ነው። ፈቃዱንም ሬዚደንሲው በተጀመረ በ120 ቀን ውስጥ ማግኘት ይጠበቅባችኋል። እንቅፋቱ ሌላ ቦታ ነው፤ ብዙ ፕሮግራሞች ቪዛ አያወጡም፣ ስለዚህ የሥራ ፈቃድ ከሌላችሁ ማመልከቻ ከመሙላታችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ። እኔ በዚህ ምክንያት ሁለት ፕሮግራም ላይ ጊዜ ያባከነች ልጅ አውቃለሁ።

ማመልከቻው ፎርካስ በሚባለው ድረ ገጽ ያልፋል፤ ሲቪ፣ ደብዳቤ፣ ትራንስክሪፕት፣ ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ። ብዙ ፕሮግራም ማመልከቻ የሚዘጋው በአዲሱ ዓመት መግቢያ አካባቢ ነው፤ ከዚያ ኢንተርቪው፣ ከዚያ እናንተም እነሱም ምርጫችሁን በቅደም ተከተል ትደረድራላችሁ፣ ማርች ላይ ማች፣ ማለትም ማን የት እንደደረሰው የሚናገረው ውጤት፣ ይወጣል። ውጤቱ አስገዳጅ ነው፤ የደረሳችሁ ቦታ ትሄዳላችሁ። እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው ነገር አለ። ስትደረድሩ «እነዚህ ይወስዱኝ ይሆን?» እያላችሁ አታስሉ። ሥርዓቱ የተሠራው የእናንተን ምርጫ ከላይ ወደ ታች እንዲከተል ስለሆነ ከልብ የምትፈልጉትን አንደኛ ማድረግ በምንም አይጎዳችሁም። በመጀመሪያው ዙር ያልተሳካለት ሁለተኛ ዙር አለው።

የማኔጅድ ኬር ፕሮግራሞች ትንንሽ ናቸው። አብዛኞቹ የሚወስዱት አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው። ስለዚህ ኢንተርቪው ላይ ስትቀርቡ ወረቀታችሁ ከሌላው ጋር ተመሳሳይ ነው ብላችሁ አስቡ፤ የሚለያችሁ ለምን እንደመጣችሁ የምትናገሩት ነገር ነው። እኔ የነገርኳቸው ስለ 75 ቁጥር ነው። ሌላ ያጌጠ ታሪክ አልነበረኝም። ካውንተር ላይ የሠራችሁ ሰዎች ይህን ልምድ አቅልላችሁ አትዩት፤ ክራይቴሪያ የሚጽፉ ሰዎች መካከል ክራይቴሪያው ሲያርፍበት ያየ ሰው ብዙ አይደለም።

ዓመቱ ምን ይመስላል? የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የቅድመ ፈቃድ ጥያቄ ማየት ነበር ሥራዬ። ከሐኪም ቤት የመጣውን ፎርም ትከፍታላችሁ፣ ከክራይቴሪያው ጋር ታመሳክራላችሁ፣ ትወስናላችሁ። የመድኃኒት ሽፋኑ በሆነው በሜዲኬር ፓርት ዲ ሰዓቱ ይቆጥራል፤ ተራው ጥያቄ በ72 ሰዓት፣ አስቸኳዩ በ24 ሰዓት መልስ ማግኘት አለበት። መጀመሪያ ላይ ሥራው ድግግሞሽ መስሎኝ ነበር። አይደለም። በመቶዎች የሚቆጠር ፎርም ካነበባችሁ በኋላ የትኛው ጥያቄ ሐኪሞችን እንደሚያደናግር፣ የትኛው ሳጥን ሁልጊዜ ባዶ እንደሚመጣ፣ የትኛው መሥፈርት ማንንም ሳያስቀር ሁሉንም እንደሚያዘገይ ታያላችሁ። የኋላው ሥራዬ በሙሉ የተሠራው እዚህ ባየሁት ላይ ነው።

ከዚያ የስልክ ሥራ መጣ። ፓርት ዲ ፕላኖች ብዙ መድኃኒት ለሚወስዱ አባሎቻቸው መድኃኒታቸውን ከፋርማሲስት ጋር አንድ በአንድ የሚያዩበትን አገልግሎት የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ሌላው ደግሞ ስታር ሬቲንግ የሚባለው የጥራት ነጥብ ነው፤ የስኳር፣ የደም ግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒት የሚወስዱ አባላት ከቀኖቻቸው ቢያንስ 80 በመቶውን መድኃኒት በእጃቸው ይዘው ነበር ወይ ብሎ ይለካል። የሚለካው በክሌም ነው። ይህን አስታውሱ፣ በክሌም ብቻ። አንድ ሰውዬ ዝርዝሬ ላይ ቀይ ሆኖ ወጣ፤ የኮሌስትሮል መድኃኒቱን ለአራት ወር አልወሰደም ይላል መረጃው። ደወልኩ። ሰውዬው ግራ ገባው። መድኃኒቱ ረክሶ ስላገኘው ያለ ኢንሹራንስ በካሽ እየገዛ፣ አንድ ቀን ሳያቋርጥ እየዋጠ ነበር። ለሠንጠረዡ ግን አቋርጧል። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ሪፖርት ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው እዚህ ውስጥ የማይታየኝ ማን ነው ብዬ ነው።

ገንዘቡም አለ። ይህን ትምህርት ቤት ማንም በደንብ አላስተማረኝም። እንበልና አንድ ፕላን 100,000 አባላት አሉት። አዲስ መድኃኒት መጣ፣ በዓመት 60,000 ዶላር፣ የሚያስፈልገው ለ50 ሰው ነው። 3 ሚሊዮን ዶላር መሆኑ ነው። ለአባላቱ በሙሉ፣ ለ12 ወር ስታካፍሉት በሰው በወር 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይመጣል። ትንሽ ይመስላል። ግን በዓመት እንደዚህ ያለ ስንት መድኃኒት ነው የሚመጣው? ያቺ ገንዘብ ተጠራቅማ ነው የሰው ፕሪሚየም፣ ማለትም በየወሩ ለኢንሹራንስ የሚከፍለው፣ የምትሆነው። ሪቤት የሚባለውን ደግሞ ስትጨምሩበት ነገሩ ይወሳሰባል። አምራቹ መድኃኒቱ ከተሸጠ በኋላ ለፒቢኤሙና ለፕላኑ ተመላሽ ይከፍላል፣ ስለዚህ በወረቀት ውድ የሆነው መድኃኒት ለፕላኑ ርካሽ ሊሆን ይችላል። በሽተኛው ግን ዲዳክቲብሉን ሳይጨርስ ካውንተር ሲቀርብ ብዙውን ጊዜ የሚሰላበት በወረቀቱ ዋጋ ነው። ይህን ያወቅኩ ሳምንት በጣም አዝኛለሁ፣ አሁንም ልክ ነው ብዬ አላምንም። ያም ሆኖ ማወቁ ይሻለኛል።

ከተመደቡልኝ ሥራዎች ሁሉ የለወጠኝ አንድ የቆየ ታሪክ እንዳቀርብ የተሰጠኝ ነው፤ የሄፓታይተስ ሲ። በዲሴምበር 2013 ሶቫልዲ ሲጸድቅ አንዱ ክኒን 1,000 ዶላር፣ የ84 ቀኑ ሕክምና 84,000 ዶላር ነበር። በሽታውን የሚያድን መድኃኒት ነው። ብዙ ሜዲኬይድ ፕሮግራሞች ደነገጡ፤ ጉበቱ በጣም ካልተጎዳ አንከፍልም፣ አልኮልና ዕፅ ማቆሙን ያላረጋገጠ አይወስድም የሚሉ ክራይቴሪያዎች ወጡ። እስቲ አስቡት፤ ለመዳን መጀመሪያ መባስ ነበረብህ። በኖቬምበር 2015 የፌደራሉ መንግሥት ለክልሎቹ ማሳሰቢያ ላከ፣ እንዲህ ያለው ገደብ ከሕጉ ጋር ላይሄድ ይችላል ብሎ። ከዚያ ተወዳዳሪ መድኃኒቶች መጡ፣ በ2017 የወጣው ማቪሬት ለስምንት ሳምንት ሕክምና 26,400 ዶላር ተተመነለት። ያን ጊዜ ክራይቴሪያ የጻፉት ሰዎች ጨካኞች አልነበሩም። በጀቱ እውነት ነበር፣ ገንዘቡም የሌላ በሽተኛ ገንዘብ ነበር። ግን አንድ መስመር ስትጽፍ ከመስመሩ ማዶ የሚቀረውን ሰው ፊት ማየት አለብህ። አሰልጣኜ ሁልጊዜ የምትጠይቀኝም ይህንኑ ነበር፦ «ይህ መሥፈርት በስህተት የሚጥለው ማንን ነው?» ይህን ሳልመልስ ረቂቅ አትቀበለኝም።

ደመወዙን በተመለከተ አልዋሻችሁም፣ ከባድ ዓመት ነው። እኛ ቤት ባለቤቴ ተጨማሪ ሽፍት ይዛለች። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ በድሮው ፋርማሲዬ እሠራ ነበር፤ ግን ፕሮግራማችሁ መፍቀዱን ጠይቁ፣ ሰዓቱም ይቆጠራል፣ በአማካይ በሳምንት ከ80 ሰዓት ማለፍ አይቻልም። ያለ ሬዚደንሲም ማኔጅድ ኬር መግባት ይቻላል። ቅድመ ፈቃድ የሚያይ ፋርማሲስት በቀጥታ ይቀጠራል፣ ብዙ ጊዜም ከቤት የሚሠራ ነው፣ ከካውንተር መውጣት ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ ያንን ሞክሩ፣ ዓመት አታቃጥሉ። ክራይቴሪያውን መፈጸም ሳይሆን መጻፍ ከፈለጋችሁ ግን ሬዚደንሲው መንገዱን ያሳጥረዋል። ሌላ ሰው አሥር ዓመት ሠርቶ የማይገባበት ስብሰባ ላይ በሦስተኛው ወር ቁጭ ትላላችሁ። ፕሮግራሙ ሙሉ በሙሉ ከቤት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ኢንተርቪው ላይ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ያልገባኝን ነገር በቀኑ መካከል ማንን ነው የምጠይቀው? መልሱ ካደናገራቸው እኔ ብሆን ዝቅ አድርጌ እደረድራቸዋለሁ።

ወደ አስሙ ልመለስ። ሴፕቴምበር ላይ አሰልጣኜ ለመጪው ዓመት የሚታደሱ ክራይቴሪያዎች ዝርዝር ሰጥታኝ አንዱን ምረጥ አለችኝ። አይኔ ቀድሞ ያረፈው የሚሳቡ የአስም መድኃኒቶች ላይ ነው። ከፈትኩት። ሁለተኛው መሥፈርት የሚለው፦ በሽተኛው ባለፉት 12 ወራት በዱቄት መልክ የሚሳበውን ሞክሮ ያልሠራለት መሆን አለበት። ያው ነው። እማማ የተመለሱበት ኢንሹራንስ ይህ አልነበረም፤ ግን ዓረፍተ ነገሩ ያው ነው።

ሦስት ሳምንት አነበብኩ። በዱቄት የሚሳበው መጥፎ መድኃኒት አይደለም፣ ለብዙ ሰው እንዲያውም ይቀላል። ግን ዱቄቱን ወደ ሳንባ የሚያስገባው የራስ ትንፋሽ ነው፤ ጠንከር አድርጎ በፍጥነት መሳብ ያስፈልጋል። የሚረጨው በተቃራኒው ቀስ ተብሎ ነው የሚሳበው፣ ቱቦው ሲገጠምለት ደግሞ እጅና ትንፋሽ ማቀናጀት ላቃተው ሰው ይረዳል። ትንሽ ልጅና ትንፋሹ የደከመ አዛውንት ዱቄቱን በአፋቸው ይዘው ይቀራሉ። ሁለት ነገር ጻፍኩ። አንደኛ፣ ጠንክሮ መሳብ የማይችል በሽተኛ ዱቄቱን እንዲሞክር አይጠየቅም፣ የሐኪም አንድ መስመር ይበቃል። ሁለተኛ፣ በሚረጨው ላይ ቆይቶ የተረጋጋ አባል ክሌሙ ሲመጣ ሲስተሙ ራሱ ወደ ኋላ ሄዶ ታሪኩን አይቶ ያሳልፈው፣ ፋክስ የለም፣ ስልክ የለም።

የትኛው መድኃኒት እንዴት እንደሚሸፈን የሚወስነው ፒ ኤንድ ቲ ኮሚቴ ፊት ስቀርብ የተሰጠኝ አሥር ደቂቃ ነው። ሐኪሞችና ፋርማሲስቶች ናቸው፣ ከመጀመራቸው በፊት እያንዳንዳቸው ከመድኃኒት አምራች ጋር ግንኙነት እንዳላቸው ወይም እንደሌላቸው ያስታውቃሉ። አንዱ ሐኪም ወጪውን ጠየቀኝ፤ ያችን በሰው በወር የምትባል ስሌት አሳየሁት፣ ጥቂት ሳንቲም ነበረች። ሌላዋ፣ የተረጋጋ ማለት ምን ማለት ነው? አለችኝ። በዚህ ላይ ብዙ ተከራከሩ። እኔ ስድስት ወር ብዬ ነበር፣ እነሱ ከባለፈው 120 ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ የወሰደ ይበቃል ብለው አሻሻሉት፤ ከእኔ የተሻለ ነበር። ድምፅ ተሰጠ፣ አለፈ።

ጃኑዋሪ 1 ሥራ ላይ ዋለ። በሁለተኛው ሳምንት ጓደኛዬ ከካውንተሩ ደወለልኝ፣ ከጀርባው የሰልፉ ጫጫታ ይሰማል። «ስማ፣ የእናንተ ኢንሹራንስ ዘንድሮ አስሙን ዝም ብሎ እያሳለፈልኝ ነው፣ አንድም 75 አላየሁም። ምን ተገኘ?» አለኝ።

ነገርኩት።